ሊጡን ማን አቦካው? ጀማሪ የአእምሮ ተመራማሪዎችን መሸለም «ቅንጦት ነው» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አንብቤ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። በአንጎልና በአእምሮ ሕመም ላይ ምርምር የጀመሩ ሳይንቲስቶችን የሚያከብሩ፣ ገንዘብም የሚሰጡ ተቋማት በውጭው ዓለም አሉ። «በእኛም አገር ይኑር እንጂ» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ጸሐፊው የሚቃወሙት ይህን ሐሳብ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ክብር የሚገባው ተፈትኖ ለቆየ ሥራ ነው፤ ጀማሪን መሸለም አጋናኝ ያደርገዋል፤ መድኃኒት በሚጠፋበት አገር የአንጎል ምርምር ቅንጦት ነው፤ የተሸለመው ልጅ ነገ ቪዛውን ይዞ ይሄዳል፤ ደግሞስ ሳይንስ የብዙ ሰው ድካም ሆኖ ሳለ ለምን አንድ ስም ብቻ መድረክ ላይ ይወጣል? ሁሉንም በአንድ ተረት ጠቅልለውታል፦ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»።

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። በአንድ ወቅት ለሌሎች ሰዎች ጥናት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፤ ውሻም ነክሶኛል። ስለዚህ በመጨረሻው ነጥብ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ እደርስበታለሁ። በቀሩት አራቱ ግን አልስማማም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

«ክብር የሚገባው ተፈትኖ ለቆየ ሥራ ነው»

1949ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት የሕክምና ኖቤል ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው የነርቭ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ ነበሩ። ዕድሜያቸው 74 ነው። በአገራቸው የፓርላማ አባልም ሚኒስትርም የነበሩ፣ ስመ ጥር ሰው። የተሸለሙበት ሥራ የአንጎልን የፊት ክፍል ከሌላው ጋር የሚያገናኙ መስመሮችን በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ነው። ሥራውን የጀመሩት በ1935 ስለሆነ ሽልማቱ የመጣው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ጸሐፊው «ይቆይ፣ ይፈተን፣ ሽማግሌ ይመስክርለት» የሚሉት ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው። በአሜሪካ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ «ተደርጎባቸዋል» ማለት ይሻላል። ከእነሱ ብዙዎቹ ፈዝዘው፣ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነው ቀርተዋል።

በዚያው ዓመት፣ በመስከረም ወር፣ አንድ የአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው ጆን ኬድ የ37 ዓመት ሐኪም ነው። በሲንጋፖር ቻንጊ የጃፓኖች የጦር እስረኛ ሆኖ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሜልበርን አጠገብ ቡንዱራ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ላቦራቶሪ የለውም። የተሰጠው ሰው የማይጠቀምበት የቆየ ኩሽና ነው። ልብ በሉ፣ ኩሽና! ሊጥ የሚቦካበት ቦታ።

ኬድ ማኒያ (ልክ ያጣ የስሜት መጋል) በያዛቸው ሕመምተኞች ሽንት ውስጥ መርዛማ ነገር አለ ብሎ ጠርጥሮ ጊኒ ፒግ በሚባሉት እንስሳት ላይ ይሞክር ነበር። በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪክ አሲድ በውኃ ለማሟሟት ስለተቸገረ ሊቲየም ከሚባለው ቀላል ብረት ጋር አዋሐደው። ጥርጣሬው የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ፤ እንስሳቱ ግን ረጋ ብለው ቁጭ አሉለት። ሊቲየሙን መጀመሪያ ራሱ ዋጠው። ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ማኒያ ላልለቀቀው የ51 ዓመት ሰው ሰጠው። ሰውየው በወራት ውስጥ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። በ1950 ደግሞ ይኸው ሰው በሊቲየም ተመርዞ ሞተ፤ መድኃኒቱን፣ በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ መስጠት ገና አልተለመደምና። ነገሩን በሥርዓት የፈተነው ዴንማርካዊው ሞገንስ ሹ በ1954 ውጤቱን ሲያወጣ ዕድሜው 35 ነበር። አሜሪካ ሊቲየምን የፈቀደችው በ1970 ነው። ኬድና ሹ በጋራ ትልቅ የገንዘብ ሽልማት ያገኙት በ1974፣ ኬድ 62 ዓመት ሆኖት ነው።

ሊቲየም ዛሬም ባይፖላር (ማኒያና ድብርት የሚፈራረቁበት ሕመም) ላለበት ሰው ከሚታዘዙ ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው ለእራት ያልበቃው?

አንድ ዓመት፣ ሁለት ሰው ሕግ እንደማያወጣ አውቃለሁ። ግን ጸሐፊው ዘግይቶ መሸለም ከስሕተት ያድናል ብለዋል፤ አያድንም፤ መዘግየት ብቻ ነው። ኬድ በዚያ ኩሽና ውስጥ ሳለ ረዳት ሠራተኛ፣ መሣሪያና የደም ምርመራ ቢያገኝ ኖሮ ያ የመጀመሪያው ሕመምተኛው ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። በ1974 የመጣው ገንዘብ ለዚህ አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት ያለ ይመስለኛል። ጸሐፊው «ሽልማት» ሲሉ የሚታያቸው ዋንጫ፣ አበባና ከባለሥልጣን ጋር የሚነሡት ፎቶ ነው። አልፈርድባቸውም፤ አዳራሾቻችን እንዲህ አስለምደውናል። በዓለም ላይ ለጀማሪ የአእምሮ ተመራማሪዎች ከሚሰጡት የታወቀውን አንዱን ብንመለከት ግን መልኩ ሌላ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የአንጎልና የባሕርይ ምርምር ፋውንዴሽን፣ በድሮ ስሙ ናርሳድ፣ ከ1987 ጀምሮ ለምርምር ገንዘብ ይሰጣል። ያቋቋሙት የሕመምተኞችና የቤተሰቦቻቸው ማኅበራት ናቸው። ልጃቸው ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ይዞት ሐኪሙ «የምናውቀው ይህን ያህል ነው» ያላቸው ዓይነት ሰዎች። ለጀማሪው የሚሰጡት በሁለት ዓመት እስከ 70 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ለአሜሪካ ላቦራቶሪ ትንሽ ገንዘብ ነው። ግን መንግሥት ትልቁን ግራንት (የምርምር ድጎማ) ከመስጠቱ በፊት «እስቲ የመጀመሪያ ውጤትህን አሳየኝ» ይላል፤ ያንን የመጀመሪያ ውጤት የሚያስገኘው ይህ ገንዘብ ነው። ክሌርማንና ፍሪድማን በተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሊቃውንት ስም የሚሰጡት የክብር ሽልማቶች የሚመጡት ከዚያ በኋላ፣ በዚያች ገንዘብ ብልጫ ያለው ሥራ ለሠሩት ነው። መጀመሪያ ዱቄቱ፣ ከዚያ ሙገሳው።

ካርል ዳይሰሮት በ2005 ይህን ገንዘብ ካገኙት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ከአልጌ የተገኘ ብርሃን የሚሰማው ፕሮቲን የነርቭ ሕዋስ ውስጥ አስገብተው፣ ሕዋሱን በብርሃን ብልጭታ መቀስቀስ እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ኦፕቶጄኔቲክስ የተባለውን ይህን ዘዴ የማይጠቀም ትልቅ የአንጎል ላቦራቶሪ ማግኘት ይከብዳል።

«ልጅ» ስለሚለው ቃልም አንድ ነገር። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጀማሪ የሚሉት የመጨረሻ ዲግሪውን ወይም ስፔሻሊቲውን ከጨረሰ 10 ዓመት ያልሞላውን ነው፤ ለወለደች ደግሞ ይራዘምላታል። ልደት አይጠይቁም። የእኛ ሐኪም ገጠር አገልግሎ፣ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ምርምር ሲዞር ጸጉሩ መሸበት ጀምሯል። ልጅ የሚሉት ሰው ልጆች አሉት።

«ቶሎ የተሸለመ ቶሎ ያጋንናል»

ይህ ነጥብ እውነት አለበት። ሽልማት ያለበት ቦታ ሁሉ ለሽልማት የሚጻፍ ወሬ አለ። ግን ማጋነን የወጣት በሽታ ነው ያለው ማን ነው? ለ25 ዓመት ያህል «የድብርት ጂን» (ዘረመል) እየተባሉ በጥቂት ጂኖች ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ስማቸው የገነነ ነባር ሰዎች ፈርመዋል። በ2019 ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በጣም የታወቁትን 18 ጂኖች አንሥቶ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ላይ ፈተሻቸው። በዕጣ ከተመረጡ ጂኖች የሚሻሉበት ነገር አልተገኘም። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያቦኩትን የደፋው እሱ ነው።

መፍትሔው ሽልማቱን መከልከል ሳይሆን የሚሸለመውን ነገር መለወጥ ነው። የአውሮፓ ኒውሮሳይኮፋርማኮሎጂ ኮሌጅ በ2017 «ሞከርነው፤ አልሠራም» የሚል ውጤት በጥንቃቄ ላሳየ ጥናት ሽልማት አዘጋጅቷል። ደስ ይላል። «አልሠራም» ብሎ መሸለም የለመደ አገር አጋናኝ አያፈራም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ቢያገኙት ግን የሚጠቅማቸው ማስረጃ ስላለ እኔው ልስጣቸው። በኔዘርላንድስ ጀማሪዎች የሚወዳደሩበትን ግራንት ያጠኑ ሰዎች በ2018 እንዳሳዩት፣ በጥቂት ነጥብ ያለፉት በጥቂት ነጥብ ከወደቁት ይልቅ በቀጣዮቹ ስምንት ዓመታት ከእጥፍ በላይ የምርምር ገንዘብ አግኝተዋል። ልዩነታቸው የፀጉር ያህል ነበር፤ ላለው ይጨመርለታል የሚለው ሆነ። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ግራንት ለጥቂት ያመለጣቸው ጀማሪዎች፣ በሙያው ከቆዩ፣ ኋላ ላይ ለጥቂት ካገኙት የተሻለ ሥራ እንደሠሩ አሳየ። «አያችሁ! መውደቅ ያጠነክራል» ሊሉ ይችላሉ።

«ከቆዩ» የምትለዋን ግን አይዝለሏት። የወደቁት ከዚያ ሥርዓት ጨርሰው የመጥፋታቸው ዕድል ከ10 በመቶ በላይ ጨምሯል። አሜሪካ አንድ ተመራማሪ ሲወጣ ከኋላው የተሰለፈ ሌላ አላት። እኛስ? የኢትዮጵያን ሳይካትሪስቶች ቁጥር ከዚህ በታች እነግርዎታለሁ።

«መድኃኒት በሌለበት የአንጎል ምርምር ቅንጦት ነው»

«ዛሬ አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ብዬ ሩቅ መንገድ የመጣ ቤተሰብ መልሼ አውቃለሁ። የልጃቸውን እጅ በነጠላ አስረው ያመጡ ነበሩ። ስለዚህ ችግሩን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። ያልሄደልኝ መደምደሚያቸው ነው።

ወደ ቡታጅራ እንሂድ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰው መረመሩ። ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድብርት ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። የአሥር ዓመቱ ክትትል በ2015 ሲታተም፣ ከ919 ሕመምተኞች 121 ሞተዋል። የሞቱት ከሌላው ሰው ሦስት ዐሥርት ዓመት ያህል ቀድመው ነው። አሁን ጸሐፊውን ልጠይቅ፦ በምን የሞቱ ይመስልዎታል? ራስን በማጥፋት፣ በአደጋ፣ በሰው እጅ የሞቱ አሉ። ግማሽ የሚያህሉት ግን የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው።

ይህን ሳነብ ሥራዬን የማይበት ዓይን ተለወጠ። እኛ «ድምፅ ይሰማሃል ወይ?» እያልን ስንጠይቅ ሰውየው ያስላል። ቤተሰቡም «ያው እሱ ነው» ብሎ ጤና ጣቢያ አይወስደውም፤ ጤና ጣቢያውም «የአእምሮ ነው» ብሎ ወደ እኛ ይልከዋል። ቆጥሮ ያሳየን ባይኖር ኖሮ የአእምሮ መድኃኒት ብቻ ስንጠይቅ እንኖር ነበር። መድኃኒቱ ቢሞላ እንኳ የትኛው ሞት እንዳመለጠን አናውቅም።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄም ቅንጦት አልነበረም፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሆስፒታል ድረስ ሳይመላለስ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ጠቅላላ ባለሙያ ቢታከም ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? በቡታጅራ አካባቢ ሁለቱን አወዳድረው በ2022 ውጤቱ ታተመ። የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ አልተናነሰም። ለአንድ ገበሬ ይህ የመጓጓዣ ብርና የሥራ ቀን ነው።

የጂን ምርምሩም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በ2019 በወጣ አንድ የታወቀ ግምገማ መሠረት፣ በጂኖም ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ አፍሪካውያን 2 በመቶ ገደማ። ከዚያ ተነሥቶ የሚሠራ ምርመራ ወይም መድኃኒት ለማን እንደሚሰፋ ልኩ ከወዲሁ ታውቋል። ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ይህን ለማቃለል በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳትፏል። ከጎኑ ደግሞ ጊንጀር የሚባል፣ ከእነዚሁ አራት አገሮች ጀማሪ ተመራማሪዎችን መርጦ የሚያሠለጥን ፕሮግራም ነበረው። ለምን ጀማሪዎችን? ጂን የሚመረመርበት ምራቅ እዚህ ተሰብስቦ መረጃው ውጭ አገር ብቻ የሚነበብ ከሆነ፣ እኛ ቡናውን ልከን ስኒውን እንደምንገዛው ይሆናልና።

«የተሸለመው ይሄዳል»

ቃል የገባሁት ቁጥር ይኸውና። በ2003 በኢትዮጵያ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ናቸው። አሥራ አንድ። ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ውጭ ሄዶ ይማር ነበር፤ ከሄዱትም የማይመለሱ ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሬዚደንሲውን እዚሁ ጀመረ፤ የካናዳ መምህራን እየተመላለሱ አብረው አስተማሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ11 ወደ 34 ከፍ አለ። ሰው የሚሄደው ስለተከበረ ሳይሆን የሚሠራበት ስላጣ ነው። የሚሠራበት ሲያገኝ ይቀመጣል።

ለሽልማቱም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደሚወጣ ደንቡ ይወስናል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በ1997 ዶክትሬታቸውን የሠሩት በስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሥራው ግን የኢትዮጵያን ገጠር የአእምሮ ጤና የሚመለከት፣ በቡታጅራ የተሠራ ነው። ከዚያ ዘር ነው የቡታጅራው ክትትል የበቀለው። አማሪ የተባለው የአፍሪካ የአእምሮ ጤና ምርምር ውጥንም ከኢትዮጵያ፣ ከማላዊ፣ ከዚምባብዌና ከደቡብ አፍሪካ ጀማሪዎችን መርጦ በየአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ሆነው እንዲሠሩ ደግፏል።

ጸሐፊው ግን ከመሄድ በፊት ያለውን ነገር፣ መምጣቱን፣ ጨርሶ አላነሡትም። የእህቴ ልጅ ሕክምና ጨርሳ ሳይካትሪ ስትመርጥ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?» አለቻት እናቷ። አንድ ዘመዳችን በበዓል ቀን፣ ዶሮው እየተቆረሰ፣ «የእብድ ሐኪም ሆነች አሉ፤ ይጋባል እንዴ?» ብሎ ሁሉም ሳቀ። ቀዶ ሕክምና የገባችውን ጓደኛዋን ግን ማንም አልሳቀባትም። ልጅቱ ትምህርቷን ቀጠለች። አብሯት ያመለከተው ሌላው ልጅ ግን በቤተሰቡ ግፊት ፎርሙን ቀየረ። ሕመምተኛው የሚሸማቀቅበት ሙያ ሐኪሙንም ያሸማቅቃል። አንዲት ጀማሪ ሐኪም ስለ ስኪዞፍሬንያ ባጠናችው ጥናት በቴሌቪዥን ስትከበር፣ ያ ዘመዳችን በሚቀጥለው በዓል ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ። «ዕውቅና ከንቱ ነገር ነው» ማለት ዕውቅና ባለው ሙያ ላይ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነው።

«አንድ ስም ብቻ መድረክ ላይ ይወጣል»

እዚህ ላይ እጄን አወጣለሁ። ትክክል ብለዋል።

መጠይቅ ይዤ የዞርኩት በክረምት ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በሩን የሚያስከፍትልን የአካባቢው ሰው፣ ማን ቤት ማን እንዳለ፣ ማንን በስንት ሰዓት ማግኘት እንደሚቻል የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ባይኖር አንዱንም አናገኝም ነበር። የእሱ ስም የትም አልተጻፈም። የእኔም አልተጻፈም፤ እሱስ ይሁን፣ የቀን አበሌን ወስጃለሁ። አንድ ቤት ግን አንዲት እናት ከጓዳ ያስቀመጡትን ልጃቸውን አሳዩን። ከአንድ ሰዓት በላይ እያንዳንዱን ጥያቄ መለሱልን፤ ቡና አፈሉልን። ልንወጣ ስንል «ልጄ፣ ይሄ የጻፋችሁት ውጤቱ መቼ ነው የሚነገረን?» አሉኝ። «ይነገራችኋል፣ እማማ» አልኳቸው። ጥናቱ ታትሟል ሲባል ሰማሁ። ወደዚያ መንደር የተመለሰ ሰው እንዳለ ግን አልሰማሁም፤ እኔም አልተመለስኩም።

ስለዚህ ሽልማቱ ይኑር፤ ደንቡ ግን ከተራ የምስክር ወረቀት ከበድ ይበል። ከተሸላሚው ስም ሥር መረጃ የሰበሰቡትና መንገድ ያሳዩት ሰዎች ስም ይጻፍ። ገንዘቡ በሁለት ይከፈል፤ ሁለተኛው ግማሽ የሚለቀቀው ተሸላሚው ውጤቱን ይዞ ወደ እነዚያ ቤቶች ተመልሶ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ካስረዳ በኋላ ይሁን። ጸሐፊው በዚህ ከተስማሙ ደንቡን አብረን እናርቅቀው።

የመጀመሪያው ተሸላሚ በዚያ አካባቢ የሚሠራ ከሆነ የእማማን ቤት እኔ አሳየዋለሁ። ውሻው ግን ይታሰርልኝ።